ያልተገደለው አውራሪስ

ዋንጫው የሚቀመጠው ፍሪጁ ላይ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ በተከራየናት ባለ አንድ መኝታ ቤት ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ አልነበረንም፤ አባቴ ደግሞ ዋንጫው ከሰው ራስ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ አይወዱም። ፍሪጁ አሮጌ ስለሆነ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይንዘፈዘፋል፣ ዋንጫውም ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ስለምውል እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ወገቤን ይቆርጠኛል። አንዳንድ ቀን ወድቆ በተሰበረና በተገላገልኩ እል ነበር።

ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ነው። ለማያውቀው ሰው ጠቆር ያለ፣ አፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ኩባያ ነው። ወደ መስኮት አንስተው ሲያዩት ግን ከንፈሩ እንደ ማር ቀላ ይላል። አባቴ መርዝ ቢጨመርበት አረፋ ይደፍቃል ይሉ ነበር። መርዝ የሚጨምርበት ሰው ስላልነበረ፣ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውሃ ቀድቼ እሰጣቸውና በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠጡበታል።

አውራሪሱን የገደሉት ራሳቸው ናቸው። ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ወረዳ ገዢ ከመሆናቸውና ግራዝማች ከመባላቸው በፊት፣ በኦሞ ቆላ። በዚያን ዘመን ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ጆሮውን ተበስቶ ወርቅ ያንጠለጥላል፣ ሲፎክርም ከአባቱ ስም በፊት ግዳዩን ይጠራል። የልጁ ክብር ሳይቀር ከዚያ ይመነዘራል። እኛ ቤት ሰው ሲሞት «የአውራሪስ ገዳይ ወንድም»፣ «የአውራሪስ ገዳይ እናት» እየተባለ ነበር የሚለቀሰው። የአባቴን የጆሮ ወርቅ ስንሰደድ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ለእህል ሸጠነዋል። ቀዳዳው ግን አለ። ልጅ ሆኜ፣ ወርቁን ሲያወልቁ ጭናቸው ላይ ወጥቼ በዚያ ቀዳዳ የክብሪት እንጨት አስገባ ነበር።

በደርግ ዘመን ከአገር የወጣነው አባቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። በመተማ በኩል በእግር ወጥተን ካርቱም ገባን። እዚያ የእኔና የአባቴ የአሜሪካ ስደተኛ ፋይል አለፈ፤ የወንድሜ ለብቻው ስለነበር ቀረ። ለምን ለብቻው እንደሆነ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። «ሂዱ፣ እከተላለሁ፤ አባባን እንዳታስቀሪብኝ» አለኝ። አባቴ አልሄድም ብለው ነበር። እኔ ነኝ እጃቸውን ይዤ አውሮፕላን ያስገባኋቸው። ዋንጫውን በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘው እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ተጓዙ።

ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት እየጠበቀ በእኛ ሂሳብ ይደውል ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቀልዳል። በኋላ ቀልዱ ቀረ። የካርቱም ፖሊስ መኪና እያቆመ የእኛን ሰዎች ከመንገድ ያፍሳል፤ ከታፈሱት አንዳንዱን ወደ ድንበር ወስዶ ለመጡበት መንግሥት ያስረክባል ይባላል። ወንድሜ ከቤት መውጣት ትቷል። የዐቢይ ጾም እንደገባ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ካይሮ የሚያሻግር ደላላ ተገኝቷል፤ መኪናው ከፋሲካ ማግስት ይነሳል» አለኝ። ደላላው የጠየቀው ገንዘብ እኔ የምነካው ዓይነት አልነበረም።

ስልኩን ስዘጋ አባቴ ከኋላዬ ቆመዋል። የሰሙትን ሰምተዋል። ወደ ፍሪጁ ሄደው ዋንጫውን አወረዱ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠራረጉት፣ ጠረጴዛው ላይ ፊቴ አስቀመጡት።

«ይህንን ሽጪው» አሉ።

«አባባ፣ ይሄንንማ እንዴት ይሸጣሉ?»

«ቀንድ ነው። እሱ ልጄ ነው።»

ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ያንን እቃ ስጠላው ኖሬ፣ አሁን ሲሄድ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን ስለታየኝ ይሆናል።

የአባቴ ወረዳ ሰው የሆነ አንድ ታክሲ ነጂ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳን ሆዜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ መስቀልና ሞሰብ ዘርግቶ ይሸጣል። ለእሱ ደወልኩለት። «አይዞሽ እቴ፣ እኔ ጋ የሚመጣ አንድ ከስተመር አለኝ» አለኝ። «ጺማም ፈረንጅ ነው። የአፍሪካ ዕቃ ኮሌክት ያደርጋል። ባለፈው ስለ ቀንድ ሲጠይቀኝ ነበር። ኮል አደርግለታለሁ።»

«ችግር የለውም? ሕግ ምናምን?»

«የዝሆን ጥርስ ፕሮብሌም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ግን ዋንጫ ነው። በዋንጫ ማን ይከሳል?»

እኔም እንደዚያው አሰብኩ። አውራሪስ እዚያ ቆላ ውስጥ ያለ አውሬ ነው፤ ይሄ ደግሞ የቤታችን ዕቃ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ ማሰብ አልመጣልኝም።

ሰውዬው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከታክሲ ነጂው ጋር መጣ። አባቴ እንግዳ ሆዱ ባዶ ሆኖ ስለ ዕቃ አይነጋገርም ስላሉ ሽሮና ምስር ሠርቼ ጠበቅኩት። ሰውዬው ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ በእጁ በላ፣ ሽሮውን አመሰገነ። አባቴ ወደዱት። በገዛ እጃቸው አጎረሱት፤ እሱም አፉን ከፍቶ ጎረሰ። እኔም ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ? በዚያች ከተማ ቤታችን ገብቶ ማዕድ የቀረበ የመጀመሪያው ፈረንጅ ነበር።

እጁን ከታጠበ በኋላ ዋንጫውን አንስቶ አገላበጠው። በጥፍሩ የዋንጫውን ከንፈር ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ወደ መስኮት አንስቶ አየው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ የላም ቀንድ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ ብሎ ጠየቀኝ።

«ከየት እንደመጣ ይጠይቃል» አልኳቸው ለአባቴ።

ግን ላምን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሏት አባቴ ከወተቱ ካርቶን ላይ ተምረዋታል።

«የላም ነው አለ?» አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ተነሱ። በር ጥግ የቆመውን የእኔን ጃንጥላ እንደ ጦር ያዙ። ታክሲ ነጂው ምን እንደሚመጣ ስለገባው ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ዘራፍ!» አሉ አባቴ።

«መሬት ሲያንቀጠቅጥ ቆሜ ከመንገዱ፣
ባንድ ጥይት ጣልኩት ከነዘመድ አዝማዱ!
ቀንድ ነው ምሰሶው፣ ቀንድ ነው ግድግዳው፣
የወንድሜን ቤቱን ይጠይቅ እንግዳው!»

ታክሲ ነጂው «በለው! በለው!» ይላል። ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድባል። አባቴ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ካየሁ ዓመታት ሆኖኝ ነበር፤ በአሜሪካ ያጠሩ የመሰሉኝ ሰውዬ ጣሪያውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ደስ አለኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ደስ ያለኝ የመጨረሻው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሰውዬው ምን አሉ ሲለኝ፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው እንዳደኑት ነው የሚናገሩት አልኩት። ሌላ ቀንድ አለ ወይ አለኝ። የለም፣ ይሄ የአገራችን የፉከራ ግጥም ነው አልኩት። ልትሸጡት እርግጠኛ ናችሁ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደግሞ ጠየቀኝ። ለሽማግሌው አዝኖ መሰለኝ፤ ደግነቱን በልቤ አመሰገንኩና አሁንም ጮክ ብዬ አዎ አልኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ገንዘቡን ይዞ ሊመጣ ተቃጥረን፣ ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ሄደ።

በማግስቱ ለወንድሜ ጎረቤት ደውዬ መልእክት ላክሁለት። ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ቦታ ይያዝልህ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ አባቴ ጸጉራቸውን አበጥረው ተቀምጠዋል። ስከፍት ሰውዬው ነው። ከኋላው ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ እሱም አንገቱ ላይ የመንግሥት መታወቂያ አንጠልጥሏል። የዱር አራዊት ንግድ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ባልደረባ መሆኑን ነገረኝ። የአውራሪስ ቀንድ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል መሆኑንም ነገረኝ። እንግሊዝኛው ሁሉ ገባኝ፣ ግን በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እንግዳዬ መጣ?» አሉ አባቴ ከውስጥ። «ምን በር ላይ ያቆመዋል? ግባ በይው እንጂ።»

ገቡ። ዋንጫውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተቱት። አልጋ ሥር አዩ፣ ምድጃውን ከፈቱ፣ የዱቄት ጆንያውን ዘረገፉ። አንደኛው ክፍሉን እየዞረ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ምን እንደሚፈልግ ሊገባኝ አልቻለም። አባቴ ያጎረሱትን ሰውዬ ፊት ፊቱን ያዩታል፤ እሱ ግን አያያቸውም።

ሲወጡ አባቴ «ዋጋውን ሰጠሽ?» አሉኝ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ዱቄቱን በእጄ መሰብሰብ ያዝኩ።

ጠበቃ በነጻ አገኘን፤ ወጣት ሴት ናት፣ ስትናገር ትቸኩላለች። ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። ሰውዬው የመጀመሪያ ቀን ሸሚዙ ውስጥ ቴፕ ነበረው። አባቴ ሲፎክሩ ተቀድተዋል። መሥሪያ ቤቱም ቴፑን ለአንድ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ አስተርጉሞታል። ትርጉሙን አሳየችኝ። በአንዲት ቃል አልተሳሳተም። አውራሪሱን ከነዘመዶቹ ገድያለሁ። የቤቴ ምሰሶ ቀንድ ነው። ግድግዳዬ ቀንድ ነው። ተጨማሪ የሚፈልግ ወንድሜን ይጠይቅ። የሰውዬው ጣት ግድግዳችንን ሲያንኳኳ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ልስቅ አፌን ከፈትኩና ሳቁ አልወጣ አለኝ። ያንን የተረጎመውን የአገሬን ልጅ ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ፉከራ ሰምቶ አያውቅም? ለቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም?

«ኬስ ከተከፈተ» አለችኝ ጠበቃዋ፣ «የአባትሽ የመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ይመረመራል። ወንድምሽን ለማምጣት ያስገባሽው ማመልከቻም ይቆማል።»

በሰሙነ ሕማማት፣ ኦክላንድ መሐል ከተማ ቢሯቸው ጠሩን። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጆግ፣ የወረቀት ኩባያ። ሰውዬው ጺሙን ተላጭቷል። አስተርጓሚ እንመድባለን ሲሉ አባቴ ልጄ ትበቃኛለች አሉ።

ሰውዬው መጀመሪያ የአባቴ ወንድም ቤት የት እንደሆነ ጠየቀ። አጎቴን ደርግ ረሽኖታል፤ ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ይህን የመለስኩለት ከፍርሃት ይልቅ በንዴት ነው። እሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ ከፖስታ ውስጥ ፎቶግራፎች አውጥቶ አባቴ ፊት ደረደረ።

አውራሪሶች ናቸው። ጎናቸው ላይ ወድቀዋል። ፊታቸው የለም፤ ከዓይናቸው በታች በመጥረቢያ ተወስዷል። በአንዱ ፎቶ ላይ ትንሽ ግልገል ከእናቱ ሬሳ አጠገብ ቆሟል። ቀንዱ ለየመን የጩቤ እጀታ፣ ለሩቅ ምሥራቅ መድኃኒት እንደሚሸጥ፣ ከተሸጠው ደግሞ ጥቂቱ በዚሁ በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ እንደሚያልፍ ሰውዬው አስረዳ። እናንተ አገር አውራሪሱ ሊያልቅ ነው፣ ምናልባትም አልቋል አለ። ይህን ሁሉ ተረጎምኩ።

አባቴ ግልገሉን ብዙ አዩት።

«ማነው እንዲህ ያደረገ?» አሉኝ።

«ነጋዴዎች፣ አባባ። እርስዎም ከነሱ አንዱ ነዎት ነው የሚለው።»

«አልቋል አለ?»

«አልቋል ይሆናል ነው ያለው።»

ውሃቸውን በወረቀቱ ኩባያ ጠጡ። በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት፤ ኩባያው ተጨፍልቆ ውሃው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ጠራርጌላቸው ስጨርስ ወደ ሰውዬው ዞሩ። «የገደልኩት አንድ ነው» አሉ። «በፊት ለፊት፣ ቆሜ። የቀረው ግጥም ነው። ይህንን ንገሪው።»

ነገርኩት። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የትኛው እውነት፣ የትኛው ግጥም እንደሆነ በምን ልለይ አለኝ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላውንም መከተል ሥራዬ ነው አለኝ።

ጠበቃዋ ወደ ኮሪደር ይዛኝ ወጣች። «ሁሉም ግጥም ነው ይበሉ» አለችኝ። «ዋንጫውን ወርሼዋለሁ፣ አውራሪስ ገድዬ አላውቅም ብለው ይማሉ፣ ዋንጫውን ለመንግሥት ይለቃሉ፣ ፋይሉ ይዘጋል። ግማሽ እውነት አይቀበሉም፤ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው በመሐላ የተባለው ብቻ ነው።»

ይህንን ለአባቴ በአማርኛ መናገር የእኔ ሥራ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ብቻ የጆሯቸውን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚያቸው ያዙ። እኔ ወንድሜን እያሰብኩ በልቤ «ይማሉ፣ አባባ፣ ይማሉ» እላለሁ። ሰሙነ ሕማማት መሆኑን ረስቼው አይደለም።

«ካልማልኩ ልጄ አይመጣም?»

«ማመልከቻው ይቆማል ብላለች።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ይኖራቸዋል?»

እጅ ማንሳት ይበቃል ተባለ። አይበቃም አሉ። ከሌላ ክፍል ፈልገው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አመጡላቸው። አባቴ ቆሙ፣ እጃቸውን ጫኑበት። «በእግዚአብሔር ስም፣ አውራሪስ ገድዬ አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ጠረጴዛውን አልተሻገረም። ሰውዬው ትንሽ ከፍ አድርገው ይድገሙልኝ አለ፤ ለቴፑ መሆኑ ነው። ደገሙለት።

ከዚያ ወጥተን ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳክዬዎቹ ዳቦ የያዝን መስሏቸው መጡ። ይቅርታ ለማለት ሞክሬ ለምን እንደምጠይቅ ጠፋኝ። የመሐላውን ዋጋ እሳቸው ከፍለዋል፤ እኔ አፌን ነው ያዋስኳቸው። አውቶቡስ ሲመጣ ተነስተን ሄድን።

ፋይሉ ተዘጋ። ዋንጫው አልተመለሰም። የደላላው መኪና ከፋሲካ ማግስት ተነሳ፣ ወንድሜም አልተሳፈረበትም። ሰው ብድር ጠየቅኩ፣ ቤተ ክርስቲያን አስለመንኩ፣ ሆቴሉ ሁለት ፈረቃ ሠራሁ፤ ሁሉም ዘገየ። ማመልከቻው ሳይቆም፣ ሳያልፍም፣ አንድ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ክረምቱ ላይ ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ታፈሰ። ድንበር ድረስ እንደወሰዱት ጎረቤቱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ስልኩ አልጮኸም። አባቴ ግን ቅዳሜ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው ስልኩ አጠገብ መቀመጥ አልተዉም። እንዳይቀመጡ መለመን ትቼ እኔም አብሬ እቀመጥ ጀመር።

መርዶው የመጣው በሌላው ዓመት ነው። እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ታክሲ ነጂው ከፊት፣ ከኋላው ከሳን ሆዜና ከሪችመንድ የመጡ ሰዎች ደረጃውን ሞልተው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይናገር አወቅኩ። አባቴም ከአልጋቸው ሳይነሱ አወቁ።

ያቺ ትንሽ ክፍል ለሰው ጠበበች። ሴቶቹ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው። ፍሪጁ ይንዘፈዘፋል፣ ላዩ ባዶ ነው። ያልተቀበረ ልጅ፣ ሬሳው የት እንደወደቀ የማይታወቅ ልጅ፣ እንዴት እንደሚለቀስለት ማንም አላወቀበትም። የሚይዙት ፎቶ እንኳ ከጉርድ የፓስፖርት ፎቶ በቀር አልነበረም።

ታክሲ ነጂው መታገስ አልቻለም። እንደ አገሩ ወግ ለሟች ክብር ሊያቆምለት ብድግ አለ። ነጠላውን አሸረጠ፣ በር ጥግ የቆመውን ያንኑ ጃንጥላ አነሳ። «ዘራፍ!» አለ እያለቀሰ። «የአውራሪስ ገዳይ ልጅ! የዚያ በፊት ለፊት ቆሞ...»

«ቁጭ በል» አሉት አባቴ።

ጃንጥላው እንደተነሳ ቀረ። «ግራዝማች፣ ለልጁ ክብር እኮ ነው።»

«አውራሪስ አልገደልኩም።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሽማግሎች ተያዩ። የጆሯቸውን ቀዳዳ የማያውቅ አልነበረም።

«በእግዚአብሔር ስም ምዬበታለሁ» አሉ አባቴ። «እሱ እንዲመጣ ብዬ አልገደልኩም ብያለሁ። እሱ አልመጣም፤ መሐላው ግን መሐላ ነው። ከእንግዲህ አልገደልኩም።»

ታክሲ ነጂው ጃንጥላውን ቀስ ብሎ አወረደ። ዓይኑን በነጠላው ጠረገና፣ «ታዲያ የማን ልጅ ልበለው፣ ግራዝማች?» አለ።

አባቴ የፍሪጁን ባዶ አናት አዩ።

«የኔ ልጅ በለው» አሉ። «ካርቱም ጥሎት የመጣ ሽማግሌ ልጅ።»

እሱም እንዲሁ አለ፣ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለወንድሜ የተለቀሰው በዚያ ስም ነው።